የአያቱ ሞክሼ

በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ አሎዌይ በምትባል መንደር፣ አትክልተኛው ዊልያም በርነስ በገዛ እጁ በጭቃ ባቆማት የሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1759 የመጀመሪያ ልጁ ተወለደ። ወንድ ነበር። ስም ለማውጣት ብዙ ማሰብ አላስፈለገም። የዊልያም አባት ሮበርት ይባሉ ነበርና ልጁ ሮበርት ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ወንድ ልጅ መጣ። የእናቲቱ የአግነስ አባት ጊልበርት ስለነበሩ ይኼኛው ጊልበርት ሆነ። ሦስተኛው ወንድ ሲወለድ ሁለቱም አያቶች ድርሻቸውን ወስደው ጨርሰዋል፤ ተራው የአባትየው ነውና ዊልያም ተባለ።

በኩሩ ሮበርት በኋላ የስኮትላንድ ብሔራዊ ባለቅኔ የሆነው ሮበርት በርንስ ነው፤ ልደቱ ዛሬም በየዓመቱ እራት ተበልቶና ግጥሙ ተነቦ ይከበርለታል። እኔን የሳበኝ ግን የወንድማማቾቹ ስም ቅደም ተከተል ነው። ለወንድ ልጁ የቆየ የስኮትላንድ የቤተሰብ ስም የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከስም ዝርዝር ነው፤ ይኼ «ጦረኛ» ማለት ነው፣ ያኛው «ጥቁር ውሃ» ማለት ነው እያለ ያገላብጣል። በበርነስ ጎጆ ውስጥ እንዲህ ያለ ዝርዝር ቢቀርብ የሚያገላብጠው ሰው አይገኝም ነበር። በዚያ ዘመን ስም ተራውን ጠብቆ የሚመጣ ነገር ነው። የሚጠየቀውም «የማን ሞክሼ ይሁን?» ተብሎ ነው።

ልማዱ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ወንድ ልጅ የአባቱን አባት ስም ይወርሳል፣ ሁለተኛው የእናቱን አባት፣ ሦስተኛው የራሱን አባት። ለሴቶቹ ተራው ከእናት ወገን ይጀምራል፤ የመጀመሪያዋ ለእናቷ እናት፣ ሁለተኛዋ ለአባቷ እናት፣ ሦስተኛዋ ለእናቷ ሞክሼ ትሆናለች። ከዚያ በኋላ አጎቶችና አክስቶች ይከተላሉ። ይህን የደነገገ ሕግ የለም፤ ቤቱ ሁሉ እኩል አልጠበቀውም፤ የእናት አባት የሚቀድምበትም ቦታ ነበር። ቢሆንም በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን መዛግብት ውስጥ እጅግ ተደጋግሞ ስለሚታይ፣ የዘር ሐረግ የሚያጠኑ ሰዎች እስከ ዛሬ ፍንጭ አድርገው ይይዙታል። በኩሩ አንድሩ ከተባለ የአባትየው አባት አንድሩ ሳይሆኑ አይቀሩም ብለው ፍለጋውን ከዚያ ይጀምራሉ። በፍንጭ ብቻ የተማመነ ግን የሌላ ሰው አያት ይዞ ሊመለስ ይችላል።

እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ ግር ቢለው አይፈረድበትም። በእኛ ዘንድ ልጅን በአያቱ ስም መጥራት ያን ያህል የተለመደ አይደለም፤ ለምንስ ያስፈልጋል? አያት እኮ እዚያው አሉ። የእኛ አጠራር የራስ፣ የአባት፣ የአያት እያለ ስለሚሄድ፣ ልጁ ምንም ይባል ምን አያቱን በሦስተኛው ቦታ ይዞ ይዞራል። በትምህርት ቤት ስም ሲጠራ፣ በክሊኒክ ካርድ ሲወጣ፣ አያት ይነሣሉ። በዚህ የተነሣ የመጀመሪያው ስም ነጻ ሆኖ ቀርቷል። የወላጆችን ተስፋ፣ የዘመኑን ሁኔታ፣ የእናቲቱን ምጥ፣ አንዳንዴም የጎረቤትን ክፋት ሳይቀር እንዲናገር ይደረጋል።

የስኮትላንዱ ቤተሰብ፣ በተለይ በደቡቡና በምሥራቁ ቆላ ያለው፣ የማይለወጥ የቤተሰብ ስም ከያዘ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አባትየው በርነስ፣ ልጅየው በርነስ፣ የልጅ ልጁም በርነስ ነው። እንዲህ ያለው ስም ቤቱን ይጠራል እንጂ ሰውየውን አይጠራም። ሮበርት የሚባሉት አያት ሲሞቱ፣ በስማቸው የሚጠራ ሕፃን ከሌለ ሮበርት የሚለው ቃል ከዚያ ቤት ይወጣል። ስለዚህ አያትን የማስታወሱ ሥራ በሙሉ በመጀመሪያው ስም ላይ ወደቀ። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፤ እኛ አያትን ከኋላ አስቀመጥናቸው፣ እነሱ ወደ ፊት አመጧቸው። ሁለቱም ወገን የሚፈራው አያት እንዳይረሱ ነው።

ጌሊክ የተባለው ቋንቋ በሚነገርበት በሰሜን ምዕራቡ ደጋና በደሴቶቹ ነገሩ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። «ማክ» ማለት ልጅ ማለት ነው። ሰውየው ራሱን ሲያስተዋውቅ፣ ዶናልድ የኢየን ልጅ፣ የሼመስ ልጅ እያለ ወደ ላይ ይቆጥራል፤ ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚያውቅ የአገራችን ሽማግሌ አጠገቡ ቢቀመጥ ወዲያው ይግባባሉ። በሰሜን ጫፍ ባሉት በሼትላንድ ደሴቶች ደግሞ በየትውልዱ የሚለወጥ የአባት ስም እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ቆይቷል። የማግነስ ልጅ ሮበርት ማግነሰን ከሆነ፣ የእሱ ልጅ ሮበርትሰን ይሆናል። ዛሬ ግን ማክዶናልድ የሚባል ሰው አባቱ ዶናልድ መሆን አይጠበቅበትም። ስሙ በየትውልዱ መለወጡን አቁሞ በአንድ ጥንታዊ ዶናልድ ላይ ረግቷል። የእኛ ሰዎች በአውሮፓና በአሜሪካ የአያታቸውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ሲያስመዘግቡ፣ ከሁለትና ሦስት ትውልድ በኋላ የሚደርስባቸው ይኸው ነው።

የልማዱን ጥብቅነት ከሁሉ በላይ የሚያሳየኝ የሞተ ልጅ ነገር ነው። ሕፃናት በብዛት በሚሞቱበት ዘመን፣ በአያቱ ስም የተጠራው በኩር ቢሞት ቀጥሎ የተወለደው ወንድ ያንኑ ስም ይረከባል። ከአንድ አባትና እናት የተወለዱ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ጆን በአንድ የመቃብር ድንጋይ ላይ ተጽፈው ሲታዩ የዛሬ ሰው ይደነግጣል። ለእነዚያ ወላጆች ግን ይበልጥ የሚከብደው ቦታው ባዶ ሆኖ መቅረቱ ነበር፤ ለአያትየው የሚገባው አልተሰጠማ። የእኛ ወላጅ በዚያው ኀዘን ውስጥ ሆኖ ምትኩ ይላል፣ ካሳ ይላል፣ ማስረሻ ይላል። ምትክ መፈለጉ እኩል ነው፤ የእኛ ስም ሞቱን ይናገራል፣ የእነሱ ስም ሞቱን ዘሎ ከአያት ጋር ይቀጥላል።

ሁለቱ አያቶች ሞክሼ ከሆኑስ? አንዳንድ ቤተሰቦች የማይታመን የሚመስል ነገር አድርገዋል፤ ሁለት በሕይወት ያሉ ወንድማማቾችን በአንድ ስም ጠርተው፣ ትልቁ ኢየንና ትንሹ ኢየን እያሉ አሳድገዋቸዋል።

እንዲህ ያለ ልማድ ውሎ አድሮ ስም ማጨናነቁ አይቀርም። አንድ ዊልያም አምስት ወንዶች ልጆች ቢኖሯቸውና አምስቱም በኩራቸውን ዊልያም ቢሉ፣ በአንድ መንደር አምስት ዊልያም ይርመሰመሳል፣ ያውም በአንድ የቤተሰብ ስም። በ1900 በስኮትላንድ ለወንድ ልጆች በብዛት የተሰጡት ሦስቱ ስሞች ጆን፣ ዊልያምና ጄምስ ነበሩ። በሰሜን ምሥራቁ የባሕር ዳርቻ ባሉት የዓሣ አጥማጅ መንደሮች ጣጣው የባሰ ነበር፤ እንደ ባኪና ፖርትኖኪ ባሉት ቦታዎች ጥቂት የቤተሰብ ስሞች አገሩን ሞልተውታል። መላ የተገኘው በቅጽል ስም ነው። አገሬው «ቲ ኔም» የሚለው ይህ ተቀጥላ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ቀልድ ብቻም አይደለም፤ በመራጮች መዝገብ ላይ ከዋናው ስም አጠገብ ይጻፍ ነበር። አለዚያ የትኛው ጆን ስሚዝ ጀልባውን እንደሸጠ፣ የትኛው ጆን ስሚዝ ግብሩን እንዳልከፈለ ማን ይለየዋል? የጨዋ ስሙ የአያት ሆኖ ስለቀረ፣ ሰውየው የራሱ የሆነ ስም ያገኘው ከመንደር ቀልድ ነው።

በመኳንንቱም ቤት ይኸው ነበር። የአርጋይል ባላባቶች የሆኑት ካምቤሎች ከ1457 ጀምሮ ለአራት ትውልድ ኮሊን፣ አርኪባልድ፣ ኮሊን፣ አርኪባልድ እያሉ ተፈራርቀዋል። የልጅ ልጅ ሁልጊዜ አያቱን ነው። ወንድ ልጅ ባልተወለደበት ቤት ደግሞ ተራው በሴት ልጅ ላይ ይወድቃል። ዶናልዲና፣ ጄምሲና፣ ዊልያሚና፣ ኬኔቲና የተባሉ ሴቶች በደጋው መዛግብት ውስጥ ሞልተዋል። ስሞቹ ለጆሮ ቀልድ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ከእያንዳንዳቸው ጀርባ ሞክሼ ሳያገኙ እንዳይቀሩ የተፈራላቸው አንድ ሽማግሌ አሉ።

ተራውን ማፍረስም የሚናገረው አለው። የ11ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ማልኮም 3ኛ ከመጀመሪያ ሚስቱ የወለደው ልጅ ደንከን ተባለ። የማልኮም አባት ንጉሥ ደንከን ነበርና እንደ ወጉ ለአባት አባት ተሰጠ። በ1070 ገደማ ያገባት ማርጋሬት ግን ኖርማኖች ከዙፋን የነቀሉት የእንግሊዝ ንጉሣዊ ቤት ልጅ ነበረች። ከእሷ የተወለዱት የመጀመሪያዎቹ አራት ወንዶች ኤድዋርድ፣ ኤድመንድ፣ ኤቴልሬድና ኤድጋር ተባሉ። የማርጋሬት አባት ኤድዋርድ፣ አያቷ ኤድመንድ፣ ቅድመ አያቷ ኤቴልሬድ፣ ምንዥላቷ ኤድጋር ናቸው፤ አንድ እንኳ ሳይዘለል በቅደም ተከተሉ። በመካከሉ አንድም ማልኮም፣ አንድም ዶናልድ የለም። እንግሊዝ ውስጥ የወደቀው ሥርወ መንግሥት በስኮትላንድ ንጉሥ ጓዳ ስም በስም እንደገና ተደረደረ። የአባትየው ዘመዶች ይህን ሲሰሙ ምን ብለው ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ወንዶች ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ስም ደረሳቸው፤ አሌክሳንደርና ዴቪድ፣ በእኛ አፍ እስክንድርና ዳዊት። ሁለቱም ነገሡ። አሌክሳንደር ከዚያ ወዲያ ሁለት ሌሎች ነገሥታት ተጠሩበትና አገሬው ሆኖ ቀረ፤ ጌሊኩ አላስዴር አደረገው፣ ቆላው ሳንዲ ብሎ አቆላመጠው። ዛሬ የጥንት የስኮትላንድ ስም ተብሎ የሚመረጠው አላስዴር፣ ሀንጋሪ ውስጥ የተወለደችው ስደተኛዋ ንግሥት ማርጋሬት ይዛው የገባችው የግሪክ ስም ነው። ስለዚህ አንድ ስም የአገር ስም ለመሆን ከአገሩ መብቀል አያስፈልገውም፤ አያቶች ከተጠሩበት ይበቃል።

ባለቅኔው በርንስም አባት ሲሆን የአባቱን ቤት ወግ አልጠበቀም። በ1786 በኋላ ሚስቱ የሆነችው ጂን አርመር መንታ ወለደችለት፤ ወንዱ ሮበርት፣ ሴቷ ጂን ተባሉ፣ የወላጆቹ ስም በቀጥታ። ከዚያ በኋላ በዚሁ ትዳር የተወለዱት ወንዶች ስም የወዳጆችና የደጋፊዎች ዝርዝር ነው። ፍራንሲስ ዋላስ (1789) የተጠራው በወይዘሮ ፍራንሰስ ደንሎፕ ነው፤ ከዋላስ ቤት የተወለዱና ባለቅኔውን በደብዳቤ ሲመክሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ዊልያም ኒኮል (1791) በኤድንብራ የላቲን መምህር በነበረው ጓደኛው ተጠራ። ዊልያም የባለቅኔው አባት ስምም ስለሆነ፣ በአንድ ቃል ሁለት ውለታ ተመለሰ ማለት ይቻላል። ጄምስ ግሌንኬርን (1794) ረድቶት የነበረው የግሌንኬርኑ ባላባት መታሰቢያ ነው። የመጨረሻው ማክስዌል የተወለደው ጁላይ 25 ቀን 1796፣ አባቱ በተቀበረበት ዕለት ነው፤ ስሙ ባለቅኔውን በመጨረሻ ሕመሙ ያከመው ሐኪም ስም ነው። በአትክልተኛው ቤት ስም የሚሰጠው ለደም ነበር፤ በባለቅኔው ቤት ውለታም እንደ ደም ተቆጠረ።

ደሙን ሳይለቅ በጥቂት ቃላት የጨረሰው ደግሞ ሌላ ቤተሰብ ነው። በኖቬምበር 1850 በኤድንብራ ለአንድ መሐንዲስ ወንድ ልጅ ተወለደ። የሕፃኑ የአባት አባት፣ ስመ ጥሩው የባሕር መብራት ቤቶች ገንቢ ሮበርት ስቲቨንሰን፣ ልጁ ሊወለድ ጥቂት ወራት ሲቀሩት በጁላይ ሞተው ነበር። የእናቱ አባት ሉዊስ ባልፎር የኮሊንተን ቄስ ነበሩ። ሕፃኑ ሮበርት ሉዊስ ባልፎር ስቲቨንሰን ተባለ። አራት ቃል ነው፣ አራቱም ባለቤት አላቸው፤ የአባት አባት፣ የእናት አባት፣ የእናት ቤት፣ የአባት ቤት። ለወላጆቹ ሌላ ልጅ አልተወለደላቸውምና ሁለተኛ ተራ ባይጠብቁ ደግ አደረጉ። ልጁ ሲያድግ ደራሲ ሆነ፤ የሉዊስን አጻጻፍ ወደ ፈረንሳይኛው ቀየረ፣ ባልፎርን በ1873 ጣለ። አነባበቡ ስላልተለወጠ በእኛ ፊደል የሉዊስ ለውጥ አይታይም፤ አያትየውን ግን ቅር ሳያሰኛቸው አይቀርም ነበር፣ ቢያዩት።

ባልፎር እንደገባው ሁሉ፣ የእናት ቤት ስም በመካከል መግባቱ በስኮትላንድ ሥር የሰደደ ልማድ ነው። የስኮትላንድ መዛግብት ያገባችን ሴት የአባቷን ቤት ስም አያስጥሏትም፤ የመቃብር ድንጋዮች ላይ ሚስት ከባሏ አጠገብ በራሷ የቤተሰብ ስም ተጽፋ ትገኛለች። ስለዚህ እናት ቤት ማን እንደነበር ማግኘት ከብዙ አገር ይልቅ እዚያ ይቀላል። ያ ስም መጀመሪያ መካከል ላይ ተቀመጠ፣ ቆይቶ ወደ ፊት ወጣ። ብሩስ፣ ዳግላስ፣ ግራሃም፣ ካሜሮን፣ ጎርደን፣ ሮስ፣ መሪ፣ ግራንት ዛሬ የሰው መጠሪያ ናቸው፤ ሁሉም ግን በመጀመሪያ የቤት ስም ነበሩ። የእናቱ ወገን ካሜሮን የሆነ ልጅ ካሜሮን ሲባል ልማዱ አለ። ጎረቤት ጠርቶት ደስ ስላለን ብቻ ካሜሮን ካልነው ስሙ ያምራል፣ የቤተሰብ ስም ግን አልሆነም።

ስለ ትርጉም ከተነሣ፣ ካሜሮን በጌሊክ ሲፈታ «ጠማማ አፍንጫ» ነው። ካምቤል «ጠማማ አፍ» ነው። ዳግላስ «ጥቁር ውሃ»፣ የወንዝ ስም ነበር። ብሩስ ኖርማንዲ ውስጥ ካለች ብሪክስ ከምትባል ቦታ የመጣ ነው። ስቱዋርት ሹመት ነው፣ የንጉሥ ቤት አዛዥ ማለት። ልጄ ጠማማ አፍንጫ ይሁን ብሎ ካሜሮን ያለ አባት የለም። አማርኛ ተናጋሪ ስም ሲሰማ ወዲያው የሚፈታ ሰው ስለሆነ፣ በዚህ ላይ ከማንም በላይ ይሳሳታል ብዬ እፈራለሁ። አበበ ሲባል የማበቡ ነገር ይሰማናል፤ ካሜሮን ሲባል ግን ስኮትላንዳዊው የሚሰማው ሰዎቹና አገራቸው ናቸው።

ትርጉማቸው ለእኛ ጆሮ እንግዳ ያልሆነ ስሞችም አሉ፣ እነዚህን ሳላነሣ ባልፍ ይቆጨኛል። በጌሊክ «ጊሌ» ማለት ብላቴና፣ አገልጋይ ማለት ነው። ጊልክሪስት ገብረ ክርስቶስ ነው። ጊልሞር ገብረ ማርያም። ጊሊስ ገብረ ኢየሱስ። ማክሊን ደግሞ የገብረ ዮሐንስ ልጅ። ማልኮምም ከዚሁ ወገን ነው፤ ቃል በቃል «የኮሎምባ መላጣ» ማለት ሲሆን፣ በ563 ከአየርላንድ ተሻግሮ አዮና ደሴት ላይ ገዳም ለመሠረተው ለቅዱስ ኮሎምባ ራሱን የተላጨ መነኩሴ፣ የእሱ አገልጋይ ለማለት ነው። ከዚህም ሌላ ማክታጋርት «የቄስ ልጅ» ነው። ቄስ አግብቶ በሚወልድበት አገር ያደግን ሰዎች ይህ ስም ምንም አይደንቀንም፤ ካቶሊኩ አውሮፓ ግን ሲሰማው ቅንድቡን ሳያነሣ አይቀርም።

ሄይሚሽ የሚለው ስም የተወለደበት መንገድ ሁልጊዜ ያስቀኛል። በጌሊክ ያዕቆብ፣ ማለትም ጄምስ፣ ሼመስ ይባላል። ሰውየው በሩቁ ሲጠራ ግን በቋንቋው ሕግ መሠረት የስሙ መጀመሪያ ይለሰልስና «አ ሄይሚሽ!» ይሆናል። ጌሊክ የማያውቅ ጎረቤት እናቲቱ ልጇን ከሜዳ ስትጣራ ይሰማል፤ የልጁ ስም ሄይሚሽ ነው ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ሄይሚሽ የጥሪ ድምፅ እንጂ በጌሊክ መጠሪያ አልነበረም። ዛሬ ግን ራሱን ችሎ ቆሟል፤ ስህተት ነው ብሎ የሚከራከር ካለ ከብዙ ሺህ ሄይሚሾች ጋር ይከራከር።

የመዝገብ ነገርም እንዲሁ ነው። በስኮትላንድ የመንግሥት ልደት ምዝገባ ጃንዋሪ 1 ቀን 1855 ሲጀመር መዝገቡ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። ለየጌሊክ ስሙ አንድ የእንግሊዝኛ አቻ ተጻፈለት፣ አንዳንዱ በድምፅ ብቻ ይመስላል፣ አንዳንዱ በድምፅም አይመስልም። ቶርሞድ ኖርማን ተባለ። ሩዓሪ ሮድሪክ ተባለ። ኤካን የትሮይ ጀግና የሄክተርን ስም ተሸለመ። የኤጲስ ቆጶስ አገልጋይ ማለት የሆነው ጊሌስፒክ፣ ከጀርመን ወገን የመጣውን አርኪባልድ የሚል ስም ደረበ። ስለዚህ በመዝገብ ላይ አርኪባልድ የሆኑት አያት፣ ምድጃ ዳር ጊሌስፒክ ነበሩ። የልጅ ልጃቸውን በስማቸው ሊጠራ የሚፈልግ ሰው የትኛውን ነው የሚወስደው? ጎረቤት ሲጠራቸው የኖረውን ወይስ ጸሐፊው የጻፈውን? እኔ ብሆን ሰውየው ሲጠሩት «አቤት» ይል የነበረውን እወስዳለሁ። የልጁን መምህር ፊደሉ ማስቸገሩ ግን የታወቀ ነው።

የቤተሰብ ስም ክብር ብቻ እንዳልነበረ ማክግሬጎሮች ይመሰክራሉ። በፌብሩዋሪ 1603 ግሌን ፍሩን በተባለ ሸለቆ ኮልኩን ከሚባሉት ጋር ተዋግተው ብዙ ሰው ገደሉ። በኤፕሪል የንጉሡ ሸንጎ ስማቸውን ከለከለ፤ ማክግሬጎር ተብሎ መጠራት ራሱ በሞት የሚያስቀጣ ሆነ። አለቃቸው አላስዴር በ1604 መጀመሪያ በኤድንብራ ተሰቀለ። የተቀሩት መሪ፣ ግራንት፣ ድራመንድ፣ ካምቤል እየተባሉ ተበተኑ። እገዳው በ1661 ተነሣ፣ በ1693 እንደገና ተመለሰ፣ ፈጽሞ የተሻረው በ1774 ነው። ስመ ገናናው ሮብ ሮይ ማክግሬጎር እንኳ በሕግ ፊት የእናቱን ቤት ስም ይዞ ካምቤል ይባል ነበር። ግሬጎር የሚለውን ስም ለልጁ የሚሰጥ የዚያ ወገን ሰው በድምሩ ከመቶ ሠላሳ ዓመት የሚሰፋ ዘመን ከአፍ እንዲወጣ ያልተፈቀደ ስም ነው የሚሰጠው። የስም ዝርዝሩ ግን ግሬጎርን «ንቁ፣ ጠባቂ» ብሎ ያልፋል። የጎደለውን ተመልከቱ።

ዛሬ ተራው ፈርሷል ማለት ይቻላል። በ2024 በስኮትላንድ ለወንድ ልጆች በብዛት የተሰጠው ስም ኖኅ ነበር፣ የማንም አያት ስም ስለሆነ አይመስለኝም። ወላጆች ልጁ በተወለደ በ21 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ አለባቸው፤ ድሮ በክርስትና ቀን በቄሱ አፍ እስኪጠራ ድረስ ስሙን ማውራት ገድ የለውም ይባል ነበር፣ አሁን በስልክ አስቀድሞ ይሰራጫል። ነጻነቱ ግን ጭንቀት አመጣ። አያቶቹ «ማንን እንጥራ?» ብለው አልተጨነቁም፤ የልጅ ልጆቻቸው ስድስት ወር ሙሉ ሲከራከሩ ይከርማሉ፣ የአባት እናት ትቀየማለች፣ የእናት አባት ዝም ይላል።

ለእንዲህ ያለው ሰው የምመክረው ዝርዝሩን ዘግቶ ቤቱን እንዲቆጥር ነው። የሁለቱም ወገን አያቶችና ቅድመ አያቶች ስም በወረቀት ላይ ይውጣ፤ የድሮ ቤተሰቦች ልደት የሚጽፉበት መጽሐፍ ቅዱስ ካለ የፊቱ ባዶ ገጽ ይታይ፣ የመቃብር ድንጋዩ ይነበብ። አብዛኛው ቤት ብዙ ሰው ቆጥሮ ጥቂት ስም ብቻ ያገኛል፣ ጆን፣ ጄምስ፣ ዊልያም፣ እንደገና ጆን። ይህ ተስፋ አያስቆርጥም። ጆን ኢየን ይሆናል፣ ጄምስ ሼመስ ወይም ሄይሚሽ፣ አሌክሳንደር አላስዴር ወይም ሳንዲ። የሴት አያቶቹ ቤት ስም ደግሞ ሌላ ጥቂት ይጨምራል፣ ከዚያ መካከል ፍሬዘር ወይም ሮስ አይጠፋም። የአባት አባት ፊት፣ የእናት ቤት መካከል ቢቀመጥ ስቲቨንሰኖች በ1850 ያገኙት መላ ዛሬም ይሠራል፤ ሁለት ሽማግሌ በአንድ ሕፃን ይታረቃሉ።

አርኪባልድም ቢሆን አልሞተም። ለአንድ ትውልድ የአሮጌ ሰው ስም ተብሎ ከተተወ በኋላ አጥሮ ተመለሰ፤ በስኮትላንድ መዋዕለ ሕፃናት ዛሬ በርከት ያሉ አርቺዎች አሉ። ከመካከላቸው የአንዱ ቅድመ አያት በሆነ ደሴት ላይ ጊሌስፒክ ሲባሉ የኖሩ፣ መዝገብ ጸሐፊው አርኪባልድ ያላቸው ሰው ይሆናሉ። መምህርቷ «አርቺ፣ ጫማህን አድርግ» ትለዋለች፣ እሱም የግራውን በቀኝ እግሩ ያደርጋል።